ከላይ የሚያይና ወርዶ የሚገኝ

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ገላባት የሚሄደው መንገድ ዶካን አቋርጦ ሲያልፍ፥ በኅዳር ወር ግራና ቀኙ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሞ ሲደርቅ ይታያል፤ ከአጫጆቹም ብዙዎቹ ከጎንደርና ከአካባቢው ተነሥተው በመተማ በኩል የተሻገሩ የእኛ አገር ልጆች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በዚሁ ወር ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በዶካ በሰነበትሁ ጊዜ፥ ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ የምቀመጠው አንድ ጎንደሬ ወጣት ሞባይል ከሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ነበር። ወጣቱ አንድ ምሽት ሥራውን ጨርሶ አሮጌ ላፕቶፑን ከፈተና፥ «ጋሼ፥ እስኪ ይህን ይዩልኝ፤ ጦር መምራት ነው» ሲል ጠራኝ።

ያሳየኝ የስታርክራፍት ዴሞ ነበረ፤ ዴሞ ማለትም ጨዋታው በሙሉ ከመገዛቱ በፊት ሰው እንዲቀምሰው የሚለቀቅ ቁንጽል ክፍል ነው። ይህን ጨዋታ ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ሲሆን፥ ታሪኩ ከምድር ርቀው በሌሎች ዓለማት የሰፈሩ ሰዎች ከባዕዳን ፍጥረታት ጋር ስለሚገጥሙት ጦርነት የሚናገር ነው። ተጫዋቹ ማዕድን ያስቆፍራል፥ ሰፈር ያሠራል፥ በተቆፈረውም ማዕድን ወታደር ያወጣል። የአንድ እግረኛ ዋጋ 50 ማዕድን ነው፤ ሠራተኛው በአንድ ምልልስ የሚሸከመው 8 ስለ ሆነ፥ የአንድ ወታደር ሕይወት ሰባት ምልልስ እንደሚፈጅ ወጣቱ በጣቱ እየቆጠረ ሲያስረዳኝ፥ በዚያው ዕለት ጧት አንድ ደላላ አጫጆችን በመኪና ላይ እያሳፈረ በራስ በራሳቸው ሲቆጥር የሰማሁት ድምፅ በጆሮዬ ተመለሰ።

በዚህ ጨዋታ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ግን ለእኛ ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመረው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ፥ ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ጦር አንዱን እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ፥ እያንዳንዱ እጁ እንደ ፈጠነለት ጦሩን ያሰልፍ ነበር፤ ይህንም የመጀመሪያ ክፍል ወረራ ይሉት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ግሬጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ እንደ ተጫወቱ ተጽፏል። የአሸናፊውም ክብር በማሸነፉ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡን በታላቁ ጠጠር በደር ከማጥመድ ይልቅ በታናናሾቹ ማጥመድ የበለጠ ይደነቅ ነበር፥ የመጨረሻ ጓደኛውን አጥቶ ብቻውን የቀረውንም ንጉሥ ማጥመድ አይፈቀድም ነበር። እንዲህ ያለውን ደንብ ያወጣ ሕዝብ፥ ድል ሁሉ እኩል ድል እንዳልሆነ የገባው ነበር እላለሁ።

አእምሮዬን ይበልጥ የያዘው ግን በስታርክራፍቱ ገጽ ላይ የተዘረጋው ጨለማ ነው። ምድሩ በመጀመሪያ በሙሉ ጥቁር ነው፤ የሚበራውም ወታደሮች በእግራቸው የደረሱበትና ዓይናቸው ያየው ብቻ ነው፤ እነርሱ ሲርቁ መሬቱ እንደ ትዝታ ደብዝዞ ይቀራል፥ በላዩ የሚመላለሰው ጠላት ግን አይታይም። ስለዚህ ከሰማይ ሆኖ የሚያይ የሚመስለው አዛዥ፥ በእውነቱ የሚያየው በሌሎች ዓይን ነው፤ የዕውቀቱንም ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። አንድን ወታደር በማውስ ሲነኩት ከግርጌ ባለች ትንሽ መስኮት ፊቱ ብቅ ብሎ ትእዛዝ ይጠይቃል። ብዙዎችን በአንድነት ሲይዟቸው ደግሞ (ቢበዛ 12 ናቸው) ሁሉም በትንሽ የአካል ንድፍ ይደረደራሉ፤ ጤነኛው አረንጓዴ፥ የቆሰለው ቢጫ፥ ለሞት የቀረበው ቀይ ነው፤ የሞተው ከረድፉ ይጠፋል። አዛዡ ቁስሉን በቀለም ያውቀዋል፥ ነገር ግን አያመውም።

ታዲያ እኛ ማእምረ ኅቡኣት፥ የተሰወረውን ሁሉ ዐዋቂ፥ የምንለው አምላክ የሚያየን እንዲህ ነውን? የተቸገረ ሰው በአገራችን «እግዜር ያያል» ሲል እጽናናለሁ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ማየት ከላይ ሆኖ ቀለም መለየት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ከዶካ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሕፃን አዝላ ለተሰደደችው እናት ምን መጽናኛ ይሆናት ነበር? እኔ በዚያ ምሽት እዚያ ተቀምጬ ምስጢረ ሥጋዌ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑን ከዚያ በፊት ተረድቼው በማላውቀው ግልጽነት ተረዳሁ። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን በተዋሕዶ የምናምን፥ የሚያየውና የሚጠማው፥ የሚያዝዘውና የሚወጋው አንድ አካል አንድ ባሕርይ ነው ማለታችን ነው፤ ዕውቀቱም በሌላው ቁስል የተገዛ አይደለም። ደግሞም የጨዋታው ወታደር እንቢ ማለትን አያውቅም፤ ሰው ግን ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል፥ ፈጣሪውም በፍጡሩ እንቢታ መከራን ለመቀበል ፈቀደ። አንዳንድ ሰው አምላክ ሁሉን ማዘዝ እየቻለ ለምን ዝም ይላል ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያን ረድፍ ካየሁ ወዲህ፥ ሁልጊዜ የሚታዘዝ ፍጡር ሊወደድ እንደማይችል ይሰማኛል።

ከዶካ ወደ ጠረፉ የሚወርደው መንገድ ገላባትን አልፎ የሚደርሰው መተማ ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦራቸውን ይዘው ከሱዳን ማህዲስቶች ጋር የተዋጉበትና በጥይት ቆስለው የሞቱበት ቦታ። ያንን ጦርነት ሳስብ የዚያም ወገን የዚህም ወገን የወደቁት እናት እንዳላቸው አልረሳም፤ ደም መፍሰሱንም አላወድስም። ነገር ግን ንጉሡ ጨለማውን በሌሎች ዓይን ብቻ አላዩትም፤ ጥይቱ ከደረሰበት ስፍራ ነበሩ።

ወጣቱ ድል ለማድረግ ጥቂት ሲቀረው፥ ከጨለማው ዳር ለብቻው የቆመ አንድ ወታደር አየሁና «ልጄ፥ ያ ወዲያ የቀረውስ?» አልሁት። «እሱ ጋሼ፥ መጀመሪያ መንገድ እንዲያይ የላክሁት ነው፤ ረስቼው ነው። ካልጠራሁት እንደ ቆመ ይቀራል» አለና በማውሱ ነካው። በትንሿ መስኮት ፊቱ ብቅ ብሎ ትእዛዝ ጠየቀ፤ ወጣቱም ወዴት እንደሚልከው ጠፍቶት እጁን አንሥቶ ወደ እኔ ተመለከተ።