ቁልፏ ትውጣ፣ ዘንጉ ይትረፍ

ከመቂ እስከ ባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለሙ ገበሬዎች ብዙዎቹ ውሃ የሚስቡት በትንንሽ የሞተር ፓምፕ ነው። ሞተሩ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በሚሽከረከር ዘንግ ነው። በዘንጉ ላይ ጠባብ ቦይ ይቀረጻል፤ በቦዩ ውስጥም ከጣት የምታንስ ቁራጭ ብረት ትቀመጣለች። ቁልፍ ትባላለች። ግማሽዋ በዘንጉ፣ ግማሽዋ በፑሊው ቦይ ውስጥ ስለምትገባ ዘንጉ ሲዞር ፑሊውም አብሮት ይዞራል። እርሷ ከሌለች ዘንጉ ብቻውን ቢዞርም ውሃ አይወጣም።

ቁልፏ የምታስቸግረው ስትጣበቅ ነው። እርጥበት ያዝጋታል፤ ጭነት ሲበዛባትም ትጣመምና የቦዩን ግድግዳ ነክሳ ትይዛለች።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይታያል። አንደኛው መሮና መዶሻ አንሥቶ ይቀጠቅጣል። ቁልፏ ትወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የቦዩ ጠርዝ ይሸረፋል፣ ዘንጉም ሊጎብጥ ይችላል። በተበላሸ ቦይ ውስጥ አዲስ ቁልፍ ብትገባ እንኳ እየላላች ቦዩን ይበልጥ ታሰፋዋለች።

ሁለተኛው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ በድንገት እንዳይነሣም የካንዴላውን ሽቦ ይነቅላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል፣ ዘይት ያንጠባጥብና እስኪሰርግ ይቆያል። ከዚያ የቁልፏን ቅርጽ ያያል። እንደ ግማሽ ጨረቃ ከሆነች አንዱን ጫፍ በቀስታ ወደ ታች ሲመታው ሌላው ጫፍ ይነሣል። ቀጥ ያለች ከሆነች በፒንሳ አጥብቆ ይዞ ያነቃንቃታል። በመጨረሻም የቦዩን ጠርዝ በሞረድ አለስልሶ አዲሷን ይገጥማል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ትዕግሥት ሁልጊዜ ትክክል ነውን? ሽንኩርቱ በፀሐይ እየጠወለገ «ቆይ፣ ዘይቱ ይስረግ» ማለት ለገበሬው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በመካከላችን በደል ተሠርቶ፣ የተበደለው እያለቀሰ «ታገሡ» ብቻ የምንል ከሆነ ትዕግሥታችን ለበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ሠራተኛ «ቁልፏ ትቀመጥ» አላለም። ሁለቱም ትውጣ ብለዋል። የመጀመሪያው የሚያየው ቁልፏን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ነገ የሚዞረውንም ዘንግ ያያል። ቁልፍ ብትሰበር ትተካለች፤ ዘንግ ግን የሞተሩ ወገብ ነው። ዘይቱ እስኪሰርግ ድረስም ለደረቀው ማሳ ከጎረቤት ፓምፕ ውሃ መለመን ይቻላል። የትዕግሥቱን ዋጋ ሽንኩርቱ ብቻውን መክፈል የለበትም። እንደዚሁም የተበደለውን አስቀድመን ደግፈን፣ ከጉዳትም ጠብቀን፣ የበደለውን በትዕግሥት እናቅና።

ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 6 የሳተውን ሰው በገርነት ስለ ማቅናት ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ግሥ፣ በማቴዎስ 4 ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ሲጠግኑ የተነገረው ያው ግሥ ነው። መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ የተበላሸውን ክር ቆርጦ ይጥላል፤ መረቡን ግን ለነገ ይፈልገዋል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን ለመገሠጽ ስትነሡ «እውነት ተናግሬያለሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። መሮውም እውነተኛ ቁልፍ ነው የመታው። «ጥፋቱ ከወጣ በኋላ ይህ ሰው ዳግም ሊሠራ ይችላልን?» ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ።