ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ

አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ስሙም የወሎው አምባሰል ስም ነው። ይህን ቅኝት በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጭራውን እንደነካ ድምፁ ጆሮው ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሩን በላፕቶፕ የሚቀዳ ግን ራሱን ዘግይቶ ይሰማል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ ኮምፒዩተር 1,024 ልኬት እስኪያጠራቅም ብቻ 23 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ጊታሩን ከ8 ሜትር ርቀት እንደ መስማት ነው። ክምችቱን ወደ 128 ቢያሳንሱት መዘግየቱ 3 ያህል ይሆናል፤ ማሽኑ ካልቻለ ግን ድምፁ ይቆራረጣል።

«ምን ቸገረ፣ ኋላ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ምቱ ይስተካከላል። ለመሆኑ ጨዋታ ምንድን ነው? ጣት ሲናገር ጆሮ የሚመልስበት ምልልስ አይደለምን? ጆሮው የዘገየበት ሰው ወይ ራሱን ይጠብቃል፣ ወይ ሳያዳምጥ ይጫወታል። የኋላ እርማት ስሕተትን ይሰውር ይሆናል እንጂ ያልተደመጠውን የተደመጠ አያደርገውም። እንግዲህ መዘግየትን አስቀድሞ መቀነስ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለገዛ ድምፅ መታመንም ነው።