ማን በደለ? የዘር ደዌ፣ የቤተሰብ ሐፍረትና የእውነት ግዴታ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ደቀ መዛሙርት ከልደቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታን የጠየቁት ስለ ሕመሙ ወይም ስለሚያስፈልገው እርዳታ ሳይሆን ስለ ጥፋተኛው ነበር፤ የበደለው ሰውየው ራሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታም ሁለቱንም ከበደል ነጻ አደረጋቸው። ጥያቄው ግን ዛሬም በየቤቱ ይጠየቃል። በተለይም ደዌው በቆዳ ላይ የሚታይና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ በሆነ ጊዜ፣ ታማሚው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ በሰው ፊት እንደ ተከሳሽ ይቆማል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ክስ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ደዌዎች አንዱና በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ የሚገኘው ሐኪሞች ኤፒደርሞዲስፕላዚያ ቬሩሲፎርሚስ የሚሉት ነው። ሌዋንዶቭስኪና ሉትዝ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች በ1922 በጽሑፍ አሳወቁት። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ በፊት፣ በአንገት፣ በእጅና በእግር ላይ ጠፍጣፋ ኪንታሮቶች ይወጣሉ፤ በደረትና በጀርባ ላይም ቋቁቻ የሚመስሉ ምልክቶች ይታያሉ። ይህን የሚያስከትለው በብዙዎቻችን ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር የኪንታሮት ቫይረስ ነው። የታማሚው ሰውነት ግን ይህን ቫይረስ የሚገታበት ኃይል ከትውልድ ጎድሎታል። ስለዚህ እጁን የጨበጠ ወይም ከእርሱ ጋር ከአንድ መሶብ የቆረሰ ሰው ደዌው ይተላለፍብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም። አደጋው ለራሱ ለታማሚው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት፣ በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው የአካላቸው ክፍል፣ የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በገፈርሳ የደጋው ብርድ ፀሐዩን የማይጎዳ ያስመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ከፍታው በጨመረ መጠን ጎጂው ጨረር ይበረታል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፣ ከፀሐይ መጠበቅና በየጊዜው በቆዳ ሐኪም መታየት ሕይወትን ያተርፋል።

ደዌው የሚወርድበት መንገድ ለክሱ መልስ ይሰጣል። በ2002 ተመራማሪዎች ከዚህ ደዌ ጋር የተያያዙ ሁለት ጂኖችን ለይተው አሳወቁ። በአብዛኛው ልጁ የሚታመመው ጉድለት ያለበትን ጂን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ብቻ ነው። ወላጆቹ ግን ጤነኞች ናቸው፤ ጉድለቱን መሸከማቸውንም አያውቁም። ከእንዲህ ያሉ ወላጆች የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ሳይታመም ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ፈጽሞ ነጻ የመሆን ዕድሉም ከአራት አንድ ነው። የሥነ ውርስ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ እያንዳንዳችን እንዲህ ያሉ የተሰወሩ ጉድለቶችን በሰውነታችን ይዘን እንኖራለን። እንግዲያውስ በዘሩ ንጽሕና የሚመካ ሰው የሚመካው በማያውቀው ነገር ነው። ያላወቀውንና ያልመረጠውን ያወረሰ ሰውም በደለኛ ሊባል አይችልም፤ በደል ዕውቀትንና ፈቃድን ይሻልና።

በአገራችን ይህ ክስ የቆየ ታሪክ አለው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን «ዘራቸው ነው» እየተባሉ ከጋብቻ ተገልለዋል፤ ነገር ግን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እንዳገኘው፣ የዚህ ደዌ ምክንያት ዘር ሳይሆን ተሐዋስ ነው። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታልም በዚሁ ደዌ የተጠቁትን ሲያክምና ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ከጎኑ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን፤ እርሱም እግርን የሚያሳብጠውና ቆዳውን እንደ ኪንታሮት የሚያጎረብጠው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄደው ምርምር ይህ በሽታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ እንደሚመጣ አስረዳ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ዝንባሌ መኖሩን አሳዩ። ስለዚህ «በዚያ ቤተሰብ ይበዛል» የሚለው የመንደር ወሬ በከፊል እውነትነት አለው፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። ቤተሰቡ የወረሰው ዝንባሌን ነው፤ ዝንባሌውን በሽታ ያደረገው ጫማ ማጣት ነው። ለልጁ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ቢሟላለት በሽታው ባልያዘው ነበር። በዚህ ነገር ተጠያቂ ከተፈለገ፣ ጥያቄው ከታማሚው አያት ይልቅ ልጅ በባዶ እግሩ ሲሄድ አይቶ ዝም ወዳለው ማኅበረሰብ ይዞራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በአማራ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ተቆጥሮ ጋብቻ ይከለከላል፤ በብዙ የኦሮሞ አካባቢም በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ነውር ነው። በ1983 እና በ1990 የወጡት የካቶሊክ ቀኖና ሕጎችም የቅርብ የሥጋ ዘመዶችን ጋብቻ ይከለክላሉ። ይህ ቆጠራ ከላይ እንዳየነው ባለ ደዌ ልጆች እንዳይወለዱ ይረዳል፤ ሁለት ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተሰወረ ጉድለት ከአንድ አያት የመውረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነውና። ሽማግሌ ሲላክ የሚደረገው ሌላው ምርመራ፣ ይኸውም «በዘሩ ነቀፋ አለ ወይ?» የሚለው፣ ከዚህ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ሁለቱ ወጣቶች በመካከላቸው ያላቸውን ዝምድና ይመለከታል፤ ማንንም አያዋርድም። ሁለተኛው አንዱን ቤት ብቻ ይከሳል፤ ብዙ ጊዜም በከንቱ ይከሳል። እንዲህ ባለው ደዌ የተያዘ ሰው ዘመዱ ያልሆነችውን ቢያገባ፣ ልጆቻቸው ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ የመታመም ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነው።

ሆኖም ነገሩን ከሚገባው በላይ ማቅለል ከእውነት ያርቃል። ዳርየር የተባለው፣ ኪንታሮት የሚመስሉ ሻካራ እብጠቶችን የሚያወጣው ሌላው የቆዳ ደዌ የሚወርደው ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅም የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ይህን እያወቀ ለእጮኛው የሚደብቅ ሰው ይበድላልን? አዎን፣ ይበድላል። የሚበድለው ግን በመታመሙ ወይም ለማግባት በመፈለጉ አይደለም። ጋብቻ በነጻ ፈቃድ የሚቆም ቃል ኪዳን ነው፤ የሕይወት አጋሩን የሚመለከት ትልቅ ነገር የተሰወረበት ሰው ደግሞ ፈቃዱን በሙሉ ነጻነት ሰጥቷል ለማለት ያስቸግራል። እውነቱን ሰምታ እሺ ያለች ሙሽራ ትዳሯን በዕውቀት ትጀምራለች፤ ልጇ ቢታመምም ባሏን አታላይ አትለውም።

«እውነቱን ብንናገር ሴቶች ልጆቻችን ቆመው ይቀራሉ» የሚል ወላጅ ስጋቱ ባዶ አይደለም። አንድ ሰው የተናገረው እውነት በማግስቱ በየቡና ቤቱ የሚናኝ ከሆነ፣ እውነትን ከእርሱ ብቻ መጠየቅ ከባዱን ሸክም በደካማው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ስለዚህ የመናገር ግዴታ የሚጸናው የመስማት ግዴታ አብሮት ሲቆም ነው። የሰማ ምስጢር ይጠብቅ፤ ሳይስማማ ቢቀርም ምክንያቱን አያውራ። ምስጢሩ ለመላው ዘመድና ለሽማግሌዎች ጉባኤ ሁሉ መገለጥ የለበትም፤ ከቀለበት በፊት ለሁለቱ ተጋቢዎች መነገሩ ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ መናገር የሚገባቸውም ጤነኞቹ ናቸው። ሽማግሌው፣ መምህሩና ካህኑ «የዘር ደዌ ነውር አይደለም» ብለው በአደባባይ ሲናገሩ፣ ታማሚው በጓዳ እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያገኛል።

ሌላው ኀላፊነት የዐይናችን ነው። ኢንዶኔዥያዊው ዴዴ ኮስዋራ በዚህ ዓይነት ደዌ እጆቹና እግሮቹ ቅርፊት እንዳለው ግንድ ስለሆኑ «ዛፉ ሰው» ተባለ። የሚበላውን ለማግኘት ራሱን ለትርኢት እስከ ማቅረብ ደርሶ ነበር። በ2008 ሐኪሞች 6 ኪሎ ግራም ያህል እብጠት ከአካሉ ቆርጠው አነሡለት፤ እብጠቱ ግን ተመልሶ በቀለ። በ2016 ዐረፈ። ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ምስሉን አይተዋል። ማየት ብቻውን ግን ምጽዋት አይደለም፤ የሚያይ ሁሉ ከታማሚው ፊት ቅርፊቱን ሳይሆን ሰውየውን ማየት ይጠበቅበታል።

ለአዲስ አበባ ውኃ ስታጠጣ የኖረችው ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ የሚገኝባት ስፍራም ናት። ነዋሪዎቿ የበሽታ ስም በሰውና በቤተሰብ ላይ ሲለጠፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ከሌላው ቀድመው ያውቃሉ። በገፈርሳም ሆነ በቡራዩ፣ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ቆዳው የተለወጠ ልጅ በጓዳ የሸሸገ ቤተሰብ ቢኖር፣ ጎረቤት «ማን በደለ?» ማለቱን ትቶ «ልጁን ሐኪም ዘንድ ማን ይውሰደው?» ብሎ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ በጓዳው እንደ ተዘጋበት ይቀራል፤ በሁለተኛው ግን ካንሰሩ ሳይሰፋ ሊደረስበት ይችላል።