መብትና ግዴታ በክርስቲያን ዜጋ ሕሊና ፊት

«የእኔ ድርሻ መጸለይ ነው፤ ምርጫና ፖለቲካ የዓለም ሰዎች ጉዳይ ነው» የሚል ቃል ከምእመናን አንደበት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህን የሚሉ ወገኖች ክፋት የላቸውም፤ ብዙዎቹን ዝምታን ያስተማራቸው ያዩት መከራ ነው። ሆኖም ጥያቄው መልስ ይሻል፤ ክርስቲያን ዝም በማለቱ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናልን?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ወታደሮች ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ፣ የሮም ዜጋ መሆኑን ገልጾ ያለ ፍርድ መገረፍ እንደማይገባው ተከራከረ (የሐዋ. 22፥25-29)። ስለ ክርስቶስ መከራን ለመቀበል የማይፈራው ይህ ሰው፣ ሕግ የሰጠውን መብት መጠየቅን እንደ እምነት ጉድለት አልቆጠረውም። ለሮሜ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ደግሞ ግብራቸውን እንዲከፍሉና ባለ ሥልጣናትን እንዲያከብሩ አሳሰባቸው (ሮሜ 13፥7)። መብቱን የጠየቀውና ግዴታን ያስተማረው አንድ ሰው ነው።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው መብትና ግዴታ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስተምረዋል። የእኔ መብት በሌላው ላይ የማክበር ግዴታን ይጥላል፤ የእርሱም መብት በእኔ ላይ እንዲሁ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ዜጎች ለጋራ ጥቅም በነጻነት ድምፅ መስጠት መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን እንዲያስቡ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ግብር መክፈልንና መምረጥን ከሞራል ግዴታዎች ጋር ቆጥሯቸዋል።

በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይገልጻል። ነገር ግን መብት እንደ እርሻ ነው፤ ባለቤቱ ካላረሰው አረም ይውጠዋል።

ይሁንና ድምፅ መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም። ድምፁን ለዝምድና፣ ለጎሣ ወይም ለተቀበለው ስጦታ የሚሰጥ ሰው፣ ለሁሉም ጥቅም የተቀበለውን አደራ ለግሉ አዋለው ማለት ነው። ሕሊናውን የሚያረካ እጩ ያጣ ሰውስ? በጸሎትና በምክር ሕሊናውን ይመርምር፤ ከብዙ ምርመራ በኋላ ድምፅ ከመስጠት መታቀብና ግድ የለሽነት አንድ አይደሉምና። መናገር ብርቱ ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ የሚኖረውንም ወንድማችንን በፈሪነት መክሰስ አይገባንም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ነገር አለ። ጉባኤው እንዳስተማረው፣ ማንም የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን ለግል አስተያየቱ መደገፊያ ሊያደርግ አይገባም። የመምህሩ ተግባር የምእመኑን ሕሊና ማነጽ እንጂ በምእመኑ ፈንታ መምረጥ አይደለም።

ኃላፊነታችን በምርጫ ቀን አያበቃም። በቀበሌ ስብሰባ እውነቱን መናገር፣ የእድርን ገንዘብ በታማኝነት መያዝ፣ ከእኛ የተለየ ሐሳብ ያለው ጎረቤት ያለ ፍርሃት እንዲናገር መፍቀድ የዕለት ተዕለት ግዴታችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና እያንዳንዳችን ድርሻችንን እንያዝ። ጸሎታችንም ከተግባራችን ጋር ይሁን።