ከኋላ የተቀመጠችው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሽሮ ሜዳ ምእመናን፣ ይህን የምጽፍላችሁ አዝኜ ነው። ያዘንኩትም በሩቅ ሰው አይደለም፤ በእናንተው ነው። በቁስቋም ሰሞን ከሰው አገር በሰላም የተመለሱ ባልና ሚስት የምስጋና ድግስ ደግሰው ጠርተውን ነበር። ስማቸውን አላነሳም፤ የነበረ ያውቃል። ባልየው ከፊት፣ ከካህናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየተነሱ መረቁት። «በሰው አገር ያልቀረህ፣ ቤትህን ይዘህ ወጥተህ ቤትህን ይዘህ የገባህ ጀግና» አሉት። ጥለቱ የሚያምር ጋቢ አለበሱት፤ እልል ተባለ። ሚስቱን በዓይኔ ፈለግኋት። ጓዳ ነበረች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ትጨልፋለች። አብራው ወጥታ፣ አብራው ተንከራታ፣ ደመወዟን ከደመወዙ ቀላቅላ፣ አብራው የተመለሰች ሴት በገዛ መመለሻዋ ቀን አስተናጋጅ ሆነች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «እሷስ?» ያለ አንድ አልነበረም።

ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ነገር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፤ አብሮ የተጀመረ መንገድ አብሮ ነው የሚፈጸመው። ጥቅስ አላበዛባችሁም፤ አብርሃም ከካራን ሲወጣ ሣራ አብራው እንደነበረች ከልጅነታችሁ ስትሰሙ ኖራችኋል። ይልቅ እዚሁ ሰፈራችን ያየሁትን ልንገራችሁ።

የሱዳን ጦርነት ሳይነሳ በፊት፣ በሞተር ሳይክል አፍሪካን የሚያቋርጡ ፈረንጆች ከካይሮ ተነስተው በካርቱም በኩል መተማ ይገቡ ነበር። ከመተማ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከዚያ የአባይን በረሃ ወርደው ወጥተው አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ገሚሱ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይቀጥላል፤ ገሚሱ ጉዞውን እዚህ ይጨርሳል። ከእነዚህ መካከል ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ጋቢ ሊገዙ እዚህ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ከሞተሩ ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን ታስሯል፤ አንደኛው ሳጥን ተጨራምቶ ክዳኑ አልገጥም ብሎ በገመድ ተጠፍሯል። ጎረምሶቻችን ከበቧቸው። «ስንት ሲሲ ነው? በሰዓት ስንት ይሄዳል? ቤንዚን ስንት ሊትር ይይዛል?» ጥያቄው ሁሉ ለሰውየው ነው። ሴትየዋ ሄልሜቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ አቧራ የጠጣ ጫማዋን እያየች ጥግ ቆማለች።

ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ልጅ ጠርቼ «እሷንም ጠይቅልኝ፤ ከኋላ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?» አልኩት። መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካርታውን የምታነበው እሷ ናት። ገንዘቡ፣ ፓስፖርቱ፣ የሞተሩ የጉምሩክ ወረቀት እሷ ጋ ነው። ባልየውን ድካም ተጭኖት ትከሻው ሲወርድ ቀድማ የምታይ እሷ ናት፤ አንድ ጊዜ መታ ካደረገችው ቀስ በል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ቁም ማለት ነው። ከሁሉ የከበዳት ግን የአባይ በረሃ ነበር። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ነጂው በየጥምዙ ወደ ውስጥ ሲያጋድል ከኋላ ያለውም ሰው አብሮት ማጋደል አለበት። ገደሉን አይቶ፣ ደንግጦ ቀጥ ካለ ሞተሩ መስመሩን ይስታል። እሷ ደግሞ ከፊቷ የሚታያት የባሏ ጀርባ ብቻ ነው። መሪው በእጇ አይደለም፣ ፍሬኑም በእጇ አይደለም። ያን ሁሉ ጥምዝ አምናው አብራው አጋደለች። ባለትዳሮች፣ ይህችን ደግማችሁ አንብቧት።

ባልየውስ? ጎረምሶቹ ሲያደንቁት ሳቀና ወደ እሷ አመለከተ። ስለ ርቀቱ ሲጠይቁት «መዝጋቢዋ እሷ ናት፣ እሷን ጠይቋት» አለ። ስለ ሱዳን በረሃ ሲጠይቁት፣ አሸዋው ላይ ሞተሩ በወደቀ ቁጥር ከእሱ እኩል ያነሳችው እሷ መሆኗን ነገራቸው። ሞተሩን ከዚህ በአውሮፕላን ጭነው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ ጉዟቸው አልቋል። ጋቢውንም ተከራክራ የገዛችው እሷ ናት፤ ባለሱቁ በዋጋ አልቻላትም። የሰውየውን ሃይማኖት አልጠየቅሁም። ምስጋናን ለባለቤቱ ሲመልስ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የምንቆርበው እኛስ?

ልጆቻችን ሞተር ይወዳሉና አንዱ ደግሞ ስለ አርጀንቲናዊው ኤሚሊዮ ስኮቶ በስልኩ አሳየኝ። ሰውየው በፈረንጆቹ ጥር 1985 በአንዲት ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ከቦነስ አይረስ ተነስቶ፣ እስከ ሚያዝያ 1995 ድረስ ዓለምን ሲዞር 735 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቷል፤ ስሙም በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ልጁ ኪሎ ሜትሩን በቃሉ ይወጣዋል። የሞተሯን ቅጽል ስም እንኳ ያውቃል፤ «ጥቁሯ ልዕልት» ትባላለች አለኝ። «ሚስትስ ነበረችው?» አልኩት፤ አያውቅም። ሞኒካ ፒኖ ትባላለች። በዚያ ጉዞ መካከል ተጋብተው ከኋላው ተቀምጣ አብራው ዞራለች። የብረቷን ስም ያጠና ልጅ የሴትየዋን ስም አላጠናም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ያስተማርነው እኛ ነን።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባሎች እመለሳለሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ክፉ ናችሁ አላልኩም። ብዙዎቻችሁ ሚስቶቻችሁን ትወዳላችሁ፤ ሲታመሙ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዛችሁ ስትወጡ፣ በብርዱ ደጅ ስታድሩ አይቻችኋለሁ። ፍቅራችሁን አልጠረጥርም። ነገር ግን ሰው ፊት ስትመሰገኑ ምላሳችሁ ይታሰራል። በዚያ የምስጋና ድግስ «አንተ ጎበዝ» ሲባል ባልየው አንገቱን ደፋ፤ ትሑት መሰላችሁ። ትሕትና አልነበረም። ትሑት ቢሆን ቀና ብሎ «ብቻዬን አልነበርኩም» ይል ነበር። የሌላ ሰው ድርሻ ያለበትን ምስጋና ዝም ብሎ መቀበል ስርቆት ነው። አትስረቅ የተባለው ሰው ኪስ ለገባ እጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ለንስሐ ስትመጡ ሰከርኩ ትላላችሁ፣ ጾም ሻርኩ ትላላችሁ፣ ሰው አማሁ ትላላችሁ። የሚስቴን ምስጋና ወሰድኩ ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ኃጢአት መሆኑን አታውቁትምና አትናዘዙትም፤ ስላልተናዘዛችሁትም ይኸው በየቤቱ ከርሞ ይወጣል። ከስደት የተመለሱ ስንት ባለትዳሮች ናቸው ዓመት ሳይሞላቸው በሽማግሌ ፊት የቆሙት? በሰው አገር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ተጋርተው፣ ያልተጣሉ ሰዎች እዚህ መጥተው በሰፊ ግቢ ተጣሉ። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ክርክሩ ስለ ቤት ካርታና ስለ ባንክ ደብተር ይመስላል። ሴትየዋን ለብቻዋ ስትጠይቋት ግን «አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ስሜን አልጠራም» ትላችኋለች።

እናንተም እናቶች አትሳቁ፤ ይህ ለእናንተም ነው። ከስደት የተመለሰችውን ሚስት ወደ ጓዳ የሚጠራት ማነው? ባሏ አይደለም። «ነይ እንጂ፣ እንግዳ ሞልቶ ምን ያስቀምጥሻል» የምትሏት እናንተ ናችሁ። ባሏን ለማክበር እሷን መደበቅ ግዴታ የሚመስላት ስንት እናት አለች! ልጃችሁ ናት፤ ደክሟት ነው የመጣችው። አስቀምጧት።

እኛ ሽሮ ሜዳዎች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን። ጋቢ ስንሸጥ «የዶርዜ ሥራ ነው» እንላለን፤ ገዢው የሸማኔውን እጅ ያደንቃል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት አንዲት ሴት ጥጡን ዳምጣለች፣ ነድፋለች፣ እንዝርቷን እያሾረች ማጉን ፈትላለች። ሽመናው የቀናት ነው፤ ፈትሉ የወራት። ከእቃው ከወረደም በኋላ ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል፤ ክሩን ሁለት ሁለት እያደረጉ ጭናቸው ላይ የሚያሹት በየደጃፉ የተቀመጡ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ያ ሰው በድግሱ የለበሰው ጋቢ ራሱ በስንት ሴት ጣት አልፎ ነው ትከሻው ላይ ያረፈው! ያለበሱት ሽማግሌዎች ግማሾቹ የሸማኔ ልጆች ናቸው፤ እናቶቻቸው ሲፈትሉ እያዩ ነው ያደጉት።

ሁለተኛ፤ ቁስቋምን እናከብራለን ካልን እንደሚገባው እናክብር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ጽጌን ጾምን፣ ማኅሌቱን ቆምን፤ ኅዳር 6 መመለሷን አከበርን። በዓሉ እኮ የስደት ፍጻሜ በዓል ነው። ሥዕሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፣ አረጋዊው ዮሴፍ አለ፣ ሰሎሜም አለች። ሰሎሜ ለራሷ ምንም የሚያሳድዳት አልነበረም። ሄሮድስ እሷን አልፈለጋትም። ግን ያን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር አብራ ተሰደደች፤ ሕፃኑንም በተራዋ ታዝል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰሎሜን ከሥዕሉ አላወጣቻትም። ከመንገደኞቹ ክብር ታንሳለች ብላ ጓዳ አልላከቻትም። በሰሎሜ ሥዕል ፊት ጧፍ አብርተን ወጥተን፣ በዚያው ሰሞን የራሳችንን ሰሎሜ ጓዳ አስቀመጥናት!

ቀና ብላችሁ ደግሞ እንጦጦን እዩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጎጃም መጥተው በእንጦጦ በኩል ነው ወደ ከተማቸው የገቡት። ቀኑን በየዓመቱ እናከብረዋለን፤ ማክበራችን መልካም ነው። እቴጌ መነን ግን በዚያ ቀን አብረዋቸው አልገቡም፤ የተመለሱት በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ የማያውቁትን ብርድ የቻሉ እሳቸው ናቸው። ቤተልሔም ሄደው ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ሊሰጡ ተስለው ነበር፤ አገር ነጻ ሲወጣም ሰጡ። የንጉሡን መግቢያ በሰልፍና በመድፍ እናስባለን። ዘውዷን አውልቃ የሰጠችውን ሴት የትኛው ሰልፍ ያስባታል? በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ እዚያ የተማራችሁ እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ሦስተኛ፤ አብረው የተጓዙትን አብረን እንጥራ፤ አቂላንና ጵርስቅላን አስቡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ እንደ እናንተው የእጅ ባለሙያዎች፣ ድንኳን ሰፊዎች። ቄሣር ቀላውዴዎስ ከሮም አስወጣቸው፣ ቆሮንቶስ ገቡ፣ ከጳውሎስ ጋር ኤፌሶን ተሻገሩ፣ በኋላም ሮም ተመለሱ። በሐዲስ ኪዳን ስድስት ጊዜ ተጠርተዋል። አንድም ጊዜ ተነጣጥለው አልተጠሩም። አንዳንዴ እሱ ይቀድማል፣ አንዳንዴ እሷ ትቀድማለች፤ ሐዋርያው ሰላምታ ሲልክ ለሁለቱም ይልካል። ስማቸው እስከ ዛሬ አብሮ አለ።

እንግዲህ ከገና በፊት ከስደት የሚመለሱ ሌሎች ባልና ሚስት አሉን። የድግሱ ጥሪ በሁለቱም ስም ይጻፍ። ከፊት ሁለት ወንበር ይቀመጥ፤ ጋቢውም ሁለት ይሁን። ሽማግሌዎች ስትመርቁ እሷንም በስሟ ጥሩ፤ ስሟን የማታውቁ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ወጡን የሰፈሩ ወንዶች ያወጣሉ። እንደ ቀድሞው ከሆነ እኔ ማዕድ አልባርክም፤ ይህን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

አንተም ልጄ፣ በቁስቋም ሰሞን የተመሰገንከው፣ ይህን ስታነብ ራስህን ታውቀዋለህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ሚስትህን ይዘህ ወደ ፊት ና። ያን ቀን ያላልከውን በሰው ፊት በላት። ብትፈራ አጠገብህ እቆማለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።