የማን አሥርቱ ትእዛዛት?

የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አሥርቱ ትእዛዛት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ሁሉ እንዲሰቀሉ አዘዘች። ሉዊዚያና በዓመት ቀድማታለች። ሁለቱም ሕጎች ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሱ። ሙግቱ ሲነገር ሃይማኖተኛው በአንድ ወገን፣ ሃይማኖት የለሹ በሌላው ወገን የተሰለፉ ይመስላል። እኔ ግን ጽሑፉ በግድግዳው ላይ ሲወጣ ከማንም በፊት የሚደፈረው አማኙ ነው ባይ ነኝ። መንግሥት ጽሑፉን ከመስቀሉ በፊት የማንን እንደሚሰቅል መምረጥ አለበት፤ ሲመርጥ ደግሞ ሳይሾም ሊቀ ጳጳስ ይሆናል።

የቴክሳሱ ሕግ የወረቀቱን ልክ (ቢያንስ 16 በ20 ኢንች) ብቻ ሳይሆን የሚጻፉትን ቃላት ጭምር ይደነግጋል። ትእዛዛቱ በኦሪት ዘጸአትና በዘዳግም ቢገኙም አቆጣጠራቸው አንድ ሆኖ አያውቅም። ለአይሁድ የመጀመሪያው ቃል እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ ማውጣቱን የሚናገረው ነው፤ በቴክሳሱ ወረቀት ግብፅ የለችም። ካቶሊኮችና ሉተራውያን የጣዖት ምስልን ክልከላ በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ አካተው የምኞትን ክልከላ ለሁለት ይከፍላሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዐሥረኛ ሆኖ የሚማሩት ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ነው። እሑድ በዳላስ ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን የተማረች ልጅ ሰኞ በክፍሏ ግድግዳ ላይ አታገኘውም። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ወይስ የግዛቲቱ ምክር ቤት? ይህን ጥያቄ በሕፃን ላይ የመጫን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ማን ሰጠው?

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ፊላደልፊያን ይመልከት። በ1844 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ በተነሣው ብጥብጥ ሰዎች ሞተዋል፣ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ለጠቡ አንዱ መነሻ በትምህርት ቤቶች የሚነበበው የፕሮቴስታንቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የተጣሉት ሁለቱም በክርስቶስ የሚያምኑ ናቸው።

የሕጉ ደጋፊዎች ትእዛዛቱ የአሜሪካ ሕግ ታሪካዊ መሠረት ናቸው ይላሉ፤ ሙሴ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ላይ ተቀርጿል ብለውም ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ተቀርጿል፤ ግን ከሐሙራቢና ከኮንፊሺየስ ጋር፣ ከሕግ ሰጪዎች እንደ አንዱ። ትምህርት ቤትም ሙሴን እንዲሁ ቢያስተምር የሚከለክለው የለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን እንደ አምልኮ ማንበብን ሲያግድ፣ እንደ ታሪክና እንደ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት እንደሚቻል አብሮ ተናግሯል። አስተማሪ ሲያስተምር ይጠየቃል፣ ይመልሳል። ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳው አጠገብ የሚውል ትእዛዝ ግን አይጠየቅም። «ያልፈለገ አይመልከተው» የሚለው መልስም ለአደባባይ ሐውልት እንጂ በሕግ ተገዶ ትምህርት ቤት ለሚውል ልጅ አይሠራም።

ተማሪዋ በአንገቷ የምታስረው ማዕተብ ወይም የምትለብሰው ሂጃብ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የምትናገረው እሷ ናት፤ ግድግዳው ላይ የሚናገረው መንግሥት ነው። ፈረንሳይ በ2004 እ.ኤ.አ. ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን ከተማሪዎች ላይ ስትከለክል ይህን ልዩነት ደባለቀችው፤ የመንግሥትን ገለልተኝነት ከልጆች ላይ ጠየቀች።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ባዶ ግድግዳም ይሰብካል፣ እግዚአብሔር አያስፈልግም ይላል የሚለው ነው። ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያሻንም። በደርግ ዘመን የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ሲሰቀል፣ ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ሲባል፣ መንግሥት በእርግጥ ክህደትን ይሰብክ ነበር። ያን ጊዜ ምእመናን የናፈቁት መንግሥት ስለ አምላካቸው ዝም እንዲልላቸው ነበር።