መሐላው ያልፈወሰው አድልዎ

የወላጅ አድልዎ፣ ማለትም አባት ወይም እናት አንዱን ልጅ ከሌሎቹ አብልጠው ወደው ይህንኑ ሁሉም በሚያዩት ስጦታ ወይም ንግግር መግለጣቸው፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ደም እስከ ማፋሰስ የሚያደርስ በደል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የሆነውና ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ የተጠበቀው መጽሐፈ ኩፋሌ ስለ ዔሳውና ስለ ያዕቆብ የሚተርከው፣ ሁለቱ አባታቸውን ይስሐቅን አብረው እንደቀበሩ ከሚናገረው ከኦሪት ዘፍጥረት ይልቅ የመረረ ነው፤ ምናልባትም ለሰው ጠባይ የቀረበ።

በኩፋሌ ይስሐቅ ቀድሞ ዔሳውን አብልጦ ይወድ እንደነበር፣ በእርጅናው ግን ልቡ ወደ ያዕቆብ እንደዞረ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለሚስቱ ለርብቃ እንጂ ለልጆቹ አይደለም። ልጆቹን በእግዚአብሔር ታላቅ ስም አስምሎ እንዲዋደዱ ያዛል፤ ንብረቱንም ያካፍላቸዋል፤ ዔሳውም የብኵርናውን ድርሻ ሸጫለሁና ለያዕቆብ ይሁን ይላል። አባትየው ከሞተ በኋላ የዔሳው ልጆች የታላቁ ድርሻ ለታናሹ መሰጠቱን ሰምተው ይቆጣሉ፤ ዔሳውም መጀመሪያ መሐላውን ጠቅሶ ቢከራከራቸውም የቆየ ቂሙን አስታውሶ ይዘምታል፣ በያዕቆብ ቀስትም ይወድቃል።

ዛሬም በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም በሚጠራው፣ ነባር ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም በተሠራበት ሰፈር፣ የድርሻ ጥያቄ የቤት ካርታ መልክ ይይዛል። የገጠር መሬት ለልጆች ሊቆረስ ይችላል፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ግን ስለማይቆረስ፣ ውጭ አገር ያለችው ልጅ ገንዘብ የላከችበት ቤት በስጦታ ውል ከእናቱ ጋር ለሚኖረው ታናሽ ሲዛወር፣ በቀልድ ይታለፍ የነበረ ማበላለጥ በሰነድ ይጸናል። (ታናሹ ራሱ ብዙ ጊዜ ስጦታውን አልጠየቀም፤ እናቱን የማስታመም ሸክም ግን የእርሱ ነው።) የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 ልጆች በእኩል እንደሚወርሱ፣ በአንቀጽ 938 ደግሞ ተናዛዡ ልጁን ከውርስ ለመንቀል፣ ይኸውም ወራሽነቱን ለማስቀረት፣ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መግለጽ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ለአንዱ ስለበዛለትና ለሌላው ስለጎደለበት ፍቅር ምክንያት የሚጠይቅ ችሎት ግን የለም።

በእስልምና ሐዲስ፣ ማለትም በነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለአንድ ልጁ ለሰጠው ስጦታ ነቢዩን ምስክር እንዲሆኑ በጠየቀ ጊዜ፣ እርሳቸው ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ ጠይቀው፣ አለመስጠቱን ሲሰሙ ለመመስከር እንቢ ብለዋል። ጥያቄው የቀረበው ስለ ድርሻ እንጂ ስለ ስሜት አለመሆኑ ልብ ይባል። በአንጻሩ ሽማግሌዎች ማን ምን እንደቀረበት ሳያጣሩ ወንድማማቾችን «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚያሰኙበት እርቅ የይስሐቅን መሐላ ከመድገም አያልፍም።

ወላጅ ካልተለወጠስ? ያዕቆብ በአባቱ አድልዎ ተጎድቶ ሳለ ራሱ ከልጆቹ ዮሴፍን፣ ከዚያም ብንያምን አብልጦ ወደደ፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 44 የተለወጠው አባትየው ሳይሆን፣ ዮሴፍ እንዲሸጥ የመከረው ወንድሙ ይሁዳ ነው፤ የአባቱ ነፍስ ከብንያም ጋር የታሰረች መሆኗን አምኖ በብንያም ፋንታ ባሪያ ሊሆን ራሱን ያቀርባል። ያዕቆብ ሲሞትም የዮሴፍ ወንድሞች ፈርተው በአባታቸው ስም ይቅርታ ይለምናሉ፤ ዮሴፍ ያለቅሳል፤ ያሰቡበት ክፉ እንደነበር ሳይሸሽግ ይነግራቸዋል፤ እነርሱንና ልጆቻቸውንም ሊመግብ ቃል ይገባል።